ዘጠኝ ከዐሥር

ባለ አራት ጎማውን፣ ያን ቀዩን ሞተር፣ «ዘጠኝ ከዐሥር» ያልኩት፣
እኔ ነኝ፤ ሁለት ቀን፣ ባሕሩ ዳር ሜዳ፣ በደረቅ አሸዋ ጋልቤ የፈተንኩት።
ታጥቦ ነው የመጣው፣ ነዳጁ ተሞልቶ፣
አስመጪው በዓሣ፣ በነጭ ወይን ጠጅ፣ ምሳዬን አብልቶ።
አልዋሸሁም እኮ። ፈጣን ነው ብያለሁ፤ ፈጣንም ነበረ፤
መብራቱ ፀሐይ ነው፣ መቀመጫው ምቹ፣ ድምፁም ያማረ፤
«ኩርባው ላይ ሲታጠፍ ልብ ያዘላል» አልኩኝ፤
ዐረፍተ ነገሩ ለራሴ ጣፈጠኝ።

በዚያው እትም ደግሞ፣ ገጹ ሲያልቅ፣ ግርጌ፣
አረንጓዴውን ሞተር፣ «ጎታታ፣ አስቀያሚ»፣ አራት ነጥብ ዳርጌ፣
ሻዬ ሳይበርድብኝ፣ ጨርሼ ተነሣሁ።
በወሩ ደብዳቤ፣ በእርሳስ የተጻፈ፣
የበግ ጠጉር የሚሸት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተጥሎ አገኘሁ።

«አራት ያልከው ሞተር እኔ ጋ ነው ያለው፤ ዐሥራ አንድ ክረምቱ።
ዘጠኝ ያልከው ደግሞ ዊሬሙ ጓሮ ነው፣ ተገልብጦ ፊቱ።
ካላፈርክ ናና እየው። ቦት ጫማ አትርሳ።
በግ የሚወልድበት ሳምንት ነው፣ ምሳ የለም፤ ቋጥረህ ተነሣ።
ኢሽቤል ራንኪን።»

ከዳኒደን ነዳሁ፣ እስከ ሆኮኑይ ጋራ፤
መስከረም ነው፣ ጸደይ፤ ስሙ ብቻ ጸደይ፤
ከደቡብ ዋልታ ነው ነፋሱ ሲያጓራ።
ሰባ አንድ ዓመቷ፣ እጇ የግንድ ልጥ፤
አልጨበጠችኝም። «ውጣ!» አለች በአገጯ፣
ውሻዋ ሞስ ነበር ከኋላ የሚቀመጥ፤
እሱ እንኳ ተጠጋ።

መቀመጫው ተቀዶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በሽቦ ታስሯል፤
አንድ ዐይኑ ጠፍቷል፤
በሦስተኛው ሙከራ፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስሎ ተነሥቷል።
ድርቆሽ፣ የአጥር ሽቦ፣ ችካልና መዶሻ፣
እኔ፣ እሷ፣ ውሻ፤
ይህን ሁሉ ጭኖ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሰንፍ፣
እንደ ባንክ ጸሐፊ፣ አንድ አንድ እየቆጠረ፣ ዳገቱን ሲያሳልፍ።

ቦይ ውስጥ አንዲት በግ፣ በጀርባዋ ወድቃ፣ እግሯን ወደ ሰማይ፣
በገመድ ሳብናት። ግልገሏ በረዶ፣ ትንፋሹም የማይታይ።
ኢሽቤል ተሸክማ፣ ከሞተሩ ጎን፣ ሙቁ ብረት አጠገብ፣ በኮቷ አስተኛችው።
ትንሽ ቆየ፣ ሳለ። «በዕ» አለ። ዞር ብላ፣
«ይህንን» አለችኝ፣ «ግልገል ማሞቁንስ፣ ስንት ነጥብ ሰጠኸው?»
ሠንጠረዥ ነበረኝ፦ ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ዋጋ፤
ያ ግን ዐምድ የለው።

ዊሬሙ ደጁ ላይ፣ በምርኩዝ ቆሞ ነው።
እርጥብ ሣር፣ ቁልቁለት፣ ቀዩ ተገልብጦ፣
ሦስት የጎን አጥንቱን ሰባብሮ ያለፈው።
ጽሑፌን በቃሉ፣ ከነነጠላ ሰረዙ፣ እየሳቀ አለው።
«ልብ ያዘላል አልከን። እውነትህን ኖሯል፤
የኔማ ከዘለለ፣ ገና መች ተመልሷል!»

ማታ ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ፣
የፍሬኑን ገመድ፣ ተበጥሶ ሲወዛወዝ፣ ዐይኔ አረፈበት።
«ፍሬን የለውም እኮ!»
«የለውም። አራት ዓመት ሆነው። ቁልቁለቱ ያውቀኛል» አለችኝ በኩራት።
ከነዳጅ ጋኑ ላይ፣ በሚስማር የተጫረ፣ «ዳንከን» የሚል አየሁ፤
ባሏ ነው የገዛው፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፤
አልጠየቅኳትም፣ ስሙን ስትዳስሰው ጣቷን ተመልክቼ ዐወቅሁ።
እኔ ምሳ በልቼ፣ እሷ ሐዘን በልታ፣
ሁለታችን ፈረድን፤
ብረቱ መቼ አለ አንድም ቃል በተርታ?

ጻፍኩት የሆነውን፦ ጭቃውን፣ ግልገሉን፣ የፍሬኑን ገመድ፤
የነጥቡን ሳጥን ግን፣ ባዶ አድርጌ ተውኩት፤ ምን ብዬ ልፍረድ?
አዘጋጁ ደውሎ፣ «ባዶ ሳጥን አይወጣም፣ ገዢው ምን ይለናል?» አለኝ።
«እንጃ» አልኩት። ዘጋኝ።

ወሩ ሲብት ታትሟል። ከትይዩው ገጽ ላይ ቀይ ሞተር፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ የአስመጪው ማስታወቂያ፤ ከጽሑፌ ሥር፣
ማን እንደሞላው እንጃ፣
«ሰባት ከዐሥር»።

ከኢሽቤል ቃል የለም፤ ሸለታ ገብቷል፤
በፖስታ የላክሁት አዲሱ የፍሬን ገመድ
ደርሷት ይሆን? ደርሷት ይሆናል።